ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ

በሚያዝያ 1892 ሃምሳ ያህል የታጠቁ ሰዎች በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ከባቡር ወርደው ፈረሶቻቸውን ጭነው ወደ ጆንሰን አውራጃ አመሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የላኳቸው የግዛቱ ትልልቅ ከብት አርቢዎች ነበሩ። እነዚህ ባለሀብቶች ሰፊውን የመንግሥት ሜዳ ለዓመታት እንደ ግል ግጦሻቸው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ድሃ ገበሬዎችና ባለ ጥቂት ከብቶች መጥተው ሲሰፍሩበት «የከብት ሌቦች» አሏቸው፤ የሚገደሉ ሰዎችንም ስም ዘረዘሩ። ዘማቾቹ ሚያዝያ 9 ቀን ኔት ቻምፒየን የተባለውን ሰው በግንድ ቤቱ ውስጥ ከበው ሲታኮሱት ዋሉ፤ በመጨረሻ ቤቱን አቃጥለው ሲወጣ ገደሉት። ቻምፒየን ጥይት እየዘነበበት የሆነውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፍ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ወሬው ሲደርሰው ተነሥቶ ወራሪዎቹን በተራው ከበባቸው። ከሕዝቡ እጅ ያወጣቸው በፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን ትእዛዝ የደረሰው ፈረሰኛ ጦር ነው። አንዳቸውም አልተፈረደባቸውም።

ይህን ታሪክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ የኒውዮርክ ማስታወቂያ ሠሪ ወደ ፊልም ድርሰት ለወጠው። ማይክል ቺሚኖ ይባላል። ያኔ ስም አልነበረውም፤ ድርሰቱም ገዢ አላገኘም። ቺሚኖ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ በ1974 ከክሊንት ኢስትውድ ጋር የመጀመሪያ ፊልሙን ሠራ። ቀጥሎ ስለ ቬትናም ጦርነት «ዘ ዲር ሃንተር»ን ሠራ። በሁለተኛው ፊልሙ ዓለም አወቀው።

በኋላ ለድርሰቱ ገንዘቡን ያወጣው ድርጅት ታሪክ ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። ዩናይትድ አርቲስትስን በ1919 የመሠረቱት ቻርሊ ቻፕሊን፣ ሜሪ ፒክፎርድ፣ ዳግላስ ፌርባንክስና ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ ናቸው፤ ዓላማቸውም ፊልም ሠሪ የራሱ ጌታ እንዲሆን ነበር። በ1967 ትራንስአሜሪካ የተባለ የመድንና የፋይናንስ ኩባንያ ድርጅቱን ገዛው። የፊልሙን ሥራ ግን አርተር ክሪምና ባልደረቦቹ እንደ ቀድሞው ይመሩት ነበር። ሥራቸውንም ያውቁበታል፤ የ1975፣ የ1976 እና የ1977 ምርጥ ፊልም ኦስካሮች ሦስቱም የእነሱ ናቸው፦ «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት»፣ «ሮኪ»፣ «አኒ ሆል»። ይሁንና ከባለቤቱ ኩባንያ ጋር ስላልተስማሙ በጥር 1978 ክሪምና የቅርብ ባልደረቦቹ በአንድነት ለቀው ኦራዮን የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ፊልም ሠሪዎች ወዳጅነታቸው ከሰዎቹ ጋር እንጂ ከሕንፃው ጋር አልነበረም። በፕሬዚዳንትነት የተተካው አንዲ አልቤክ ጠንቃቃ የሂሳብ ሰው ነበር፤ ፕሮዳክሽኑን የያዙት ስቲቨን ባክና ዴቪድ ፊልድም በቦታው ገና አዲሶች ነበሩ። ሆሊዉድ «አበቃላቸው» ሲል እነሱ ገና እንዳላበቃላቸው የሚያሳይ አንድ ትልቅ ስም አጥብቀው ይፈልጉ ነበር።

ቺሚኖ ድርሰቱን ከመሳቢያው አውጥቶ የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። «ዘ ዲር ሃንተር» ገና ለሕዝብ ሳይታይ በኢንዱስትሪው ውስጥ ወሬው ተናፍሶ ነበር። «ሄቨንስ ጌት» ለተባለው አዲስ ፊልም የጸደቀው በጀት 11.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። ድርጅቱ ፊልሙን ለ1979 ገና እንዲደርስለት አጥብቆ ስለፈለገ፣ ለዚያ ቀን ለማድረስ ሲባል የሚወጣ ተጨማሪ ገንዘብ ከበጀት በላይ እንደ ወጣ አይቆጠርም የሚለውን ሐረግ ውሉ ውስጥ ለማስገባት ተስማማ። ይህን ሐረግ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በአንድ ሰው እብደት ብቻ እንዳልመጣ ይገባዋል። ቁልፉን ያስረከቡት ኃላፊዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ቀጥሎ የተዋናይዋ ጉዳይ መጣ። ቺሚኖ ለዋናዋ ሴት ፈረንሳዊቷን ኢዛቤል ኡፔርን ካልሆነ አለ። ኃላፊዎቹ እንግሊዝኛዋ አስጨነቃቸው፤ አሜሪካ ውስጥም ማን ያውቃታል ሲሉ ሊያዩዋት እስከ ፓሪስ ሄዱ። አልወደዱትም፤ ግን ፈቀዱ። ኡፔር ዛሬ በዓለም ካሉት ታላላቅ ተዋንያን አንዷ ስለሆነች በዚህ ክርክር ማን ትክክል እንደነበር ለመናገር ቀላል ነው። የኋላ ዕውቀት ለሁላችንም ደግ ነው።

ሚያዝያ 9 ቀን 1979፣ ቻምፒየን በተገደለ ልክ በ87ኛ ዓመቱ፣ «ዘ ዲር ሃንተር» አምስት ኦስካር ወሰደ። ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተር ከአምስቱ ውስጥ ናቸው። ከሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን፣ በሞንታና ግዛት በግሌሲየር ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የ«ሄቨንስ ጌት» ቀረጻ ተጀመረ። ከዚያ ሽልማት በኋላ ቺሚኖን ማን ይናገረው?

በስድስተኛው የቀረጻ ቀን ሥራው ከዕቅዱ አምስት ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ቺሚኖ አንዱን ትዕይንት ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ሃምሳ ጊዜ ያስደግማል። ደመናው እንዲያልፍ ይጠብቃል፤ አመሻሽ ላይ የምትመጣውን ወርቃማ ብርሃን ለመያዝ መቶዎች ቆመው ይውላሉ። በመቶ የሚቆጠሩ አጃቢዎች የበረዶ ሸርተቴ በመሰለ ባለ ጎማ ጫማ መንሸራተት፣ ዳንስ፣ የፈረስ ጋሪ አነዳድና የጠመንጃ አያያዝ ተማሩ። የድሮ ባቡር ከሩቅ ተጓጉዞ መጣ። በውጊያው ሜዳ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ ከመሬቱ ሥር የመስኖ ቧንቧ ተቀበረ። በሠራተኞቹ አፍ ሲተላለፍ የኖረው ታሪክ ግን የመንገዱ ነው፦ የተሠራችው ከተማ ዋና መንገድ ስድስት ጫማ እንዲሰፋ ቺሚኖ አዘዘ። አንዱን ረድፍ ብቻ አፍርሶ ስድስት ጫማ መግፋት እንደሚቀል ቢነግሩትም፣ ሁለቱም ረድፎች ፈርሰው እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጫማ እንዲሸሹ አደረገ ይባላል። እንግሊዛዊው ተዋናይ ጆን ኸርት ተራው እስኪደርስ ጠብቆ ጠብቆ፣ በመሐል ሄዶ «ዘ ኤሌፋንት ማን»ን ቀርጾ ተመለሰ እየተባለም ይቀለዳል።

በበጋው ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ያሉት ኃላፊዎች ሂሳቡን ሲያዩ እንቅልፍ አጡ። ዳይሬክተሩን ለማባረር አሰቡ፤ ሆኖም ኦስካር ያገኘን ሰው ከሥራው መሐል ማባረር ድርጅቱን እንደገና መሳቂያ ያደርገዋል። ገንዘቡ እንዳይቆም አንድ ነገር ደግሞ ያደፋፍራቸው ነበር፤ በየዕለቱ ከሞንታና የሚላከው የተቀረጸ ፊልም። የካሜራው ሰው ቪልሞስ ዚግሞንድ ነው። አቧራው፣ ጢሱ፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን፣ ከጀርባ የሚታዩት ተራሮች ሁሉ ዓይን ይማርካሉ። ኃላፊዎቹ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እያዩ «ይህ ሰው ታላቅ ሥራ እየሠራ ነው» ይላሉ፤ ወደ ቢሮ ሲመለሱ የሂሳብ ወረቀቱ ይጠብቃቸዋል። በዚያው በነሐሴ 1979 ድርጅቱ ሌላ በጀቱን የጣሰ ፊልም ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «አፖካሊፕስ ናው»። ተመልካች ጎረፈለት፤ ትርፍም አመጣ። ትርፍ ያመጣ ጥጋብ ጥበብ ይባላል፤ ስለዚህ እንደገና ለመታገሥ ሰበብ አገኙ።

ጋዜጦች ግን አልታገሡም። ቺሚኖ ጋዜጠኛ ወደ ቀረጻው ቦታ እንዳይደርስ ከልክሎ ነበር። አንድ ጸሐፊ አጃቢ ሆኖ ተቀጥሮ ገባና ያየውን በመስከረም 1979 ጻፈው፤ ስለ ብክነቱ፣ ስለ ጉዳቱ፣ ስለ እንስሳቱ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ ሳይታይ ስም ወጣለት። የመክፈቻው የሃርቫርድ ምርቃት ትዕይንት የቀረው ስለነበር እሱም ሃርቫርድ ስላልፈቀደ በ1980 መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ተቀረጸ። ጠቅላላ ወጪው 44 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ፤ ለ1979 ገና የታሰበው ፊልም ያንን ገና አሳለፈው። ከ200 ሰዓት በላይ የሚሆን የተቀረጸ ፊልም ተከማችቶ፣ ሰኔ 1980 ቺሚኖ ለኃላፊዎቹ ያሳየው የመጀመሪያ ቅጂ አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ነበር። የመጨረሻው ውጊያ ብቻውን አንድ መደበኛ ፊልም ያህላል። እንዲያሳጥር ተነገረው፤ 219 ደቂቃ አደረገው።

ኅዳር 18 ቀን 1980 በኒውዮርክ ተመረቀ። ከአራት ቀን በፊት ያው ድርጅት እዚያው ኒውዮርክ የማርቲን ስኮርሴዚን «ሬጂንግ ቡል» አውጥቶ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ሳምንት ለሕዝብ ያቀረበ ድርጅት ቢኖር እንዴት በተሞገሰ! በ«ሄቨንስ ጌት» ምረቃ በዕረፍቱ ሰዓት ሻምፓኝ ቀርቦ የሚያነሳው ጠፋ። ስቲቨን ባክ በኋላ በመጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ቺሚኖ ለምን አይጠጡም ብሎ ሲጠይቅ የማስታወቂያዋ ኃላፊ ፊልሙን ስለጠሉት ነው ስትል ቁርጡን ነገረችው። በማግስቱ በኒውዮርክ ታይምስ የወጣው የቪንሰንት ካንቢ ሒስ ምሕረት የለሽ ነበር፤ ፊልሙን ምንም የማይወጣለት ውድቀት ብሎ ፈረጀው። ሌሎቹም ተከተሉ። ቺሚኖ ራሱ ፊልሙ ከገበያ ወጥቶ እንዲታረም በደብዳቤ ጠየቀ፤ ድርጅቱም ወዲያው ተስማማ። የሎስ አንጀለሱ ምረቃ ተሰረዘ፤ ፊልሙ በኒውዮርክ አንድ ሳምንት ታይቶ ተነሣ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብለን ሰዎቹ ያዩትን ፊልም እንይ። በ1870 ከሃርቫርድ የተመረቁ ሁለት ወጣቶች በሣር ሜዳ ላይ ዎልዝ ሲጨፍሩ ይጀምራል። ከሃያ ዓመት በኋላ አንዱ፣ በክሪስ ክሪስቶፈርሰን የሚተወነው ጂም አቨሪል፣ በዋዮሚንግ የሕግ አስከባሪ ነው፤ ሌላው፣ ጆን ኸርት፣ የጠጣ የሰከረ የከብት አርቢዎቹ ማኅበር አባል ሆኗል። ማኅበሩ 125 ሰዎችን ለመግደል ይወስናል፤ የሀገሪቱ መንግሥትም ያውቃል። ተገዳዮቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ በየቋንቋቸው ሲጮኹ ትርጉም እንኳ ሳይጻፍላቸው ያልፋል፤ የማንሰማው ሕዝብ ሆነው ይቀርባሉ። ክሪስቶፈር ዎከን የማኅበሩ ቅጥረኛ ሆኖ ጀምሮ ልቡ የሚከፈል ሰው ነው፤ እሱና አቨሪል የሚወዷት ኤላ ደግሞ ኡፔር ናት። በመሐል የሸርተቴ አዳራሹ ትዕይንት አለ። የሙዚቃው ደራሲ ዴቪድ ማንስፊልድ ራሱ በጎማ ጫማ እየተንሸራተተ ቫዮሊን ይመታል፤ የድሆቹ መንደር በሙሉ ተያይዞ ይዞራል። ለታሪኩ ሂደት ምንም አይጨምርም፤ ያለ እሱ ግን በኋላ የሚፈሰው ደም ዋጋ አይኖረውም።

ጉድለቱም አይካድም። የተዋንያኑ ድምፅ በሁካታው ውስጥ ይሰጥማል፤ የሃርቫርዱ ክፍል እስካሁንም የረዘመ ይመስለኛል። ከታሪክም ይርቃል። እውነተኞቹ ጂም አቨሬልና ኤላ ዋትሰን ከዘመቻው ሦስት ዓመት ቀድሞ በ1889 ተሰቅለው የሞቱ ናቸው፤ የጆንሰን አውራጃ ሰዎችም በብዛት ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አልነበሩም፤ ሕዝቡና ዘማቾቹ ያደረጉት ውጊያ እንደ ፊልሙ እልቂት አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1980 የተጻፉትን ሒሶች ዛሬ ያነበበ ሰው ከእነዚህ ጉድለቶች ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ይደጋገምበታል፤ ገንዘቡ። ሃያሲው ፊልሙን የሚመዝነው በ44 ሚሊዮኑ ነው። ትዕይንቱ ቢያምር «ይህ ስንት ፈጀ?» ይባላል፤ ባያምር «ለዚህ ነው?» ይባላል። ጊዜውም አልረዳው። ምረቃው ሮናልድ ሬገን በተመረጠ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ሀገሪቱ ስለ ራሷ ጥሩ ነገር መስማት በፈለገችበት ወር፣ የምዕራቡ ምድር የተያዘው ሀብታም ድሃን በመንግሥት ዕውቅና እየገደለ ነው የሚል ፊልም መጣ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1981 ተቆርጦ 149 ደቂቃ የሆነው ቅጂ በ800 ገደማ ሲኒማ ቤቶች ወጣ። መቆረጡ አላዳነውም፤ ይባስ ብሎ ግራ የሚያጋባ አደረገው። ሮጀር ኢበርት ግማሽ ኮከብ ሰጠው። በግንቦት በካን ፌስቲቫል ተወዳደረ፤ ምንም አላገኘም። ጠቅላላ የአሜሪካ የትኬት ገቢው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት ትራንስአሜሪካ ዩናይትድ አርቲስትስን ለኤም.ጂ.ኤም. ሸጠው። ከዚያ ወዲህ «አንድ ድርጅት ያፈረሰ ፊልም» የሚለው አባባል በሰፊው ተነገረ። ግማሹ እውነት ነው። ድርጅቱ በ1981 የበጋ ወራት ከጄምስ ቦንድ አዲስ ፊልም ብዙ ገንዘብ ገብቶለታል፤ ለትራንስአሜሪካም ኪሳራው የሚገድል አልነበረም። ኩባንያው የተማረረው ከገንዘቡ ይልቅ በየጋዜጣው መሳቂያ መሆኑ ነው። የዳይሬክተሮች ዘመን ያበቃው በዚህ ፊልም ነው የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሆሊዉድ ፊቱን ወደ «ጆስ» እና ወደ «ስታር ዎርስ» ዓይነት ሥራ ማዞር የጀመረው በ1975 እና በ1977 ነበር። «ሄቨንስ ጌት» ስቱዲዮዎቹ ለማድረግ ለሚፈልጉት ነገር ምሳሌ ሆኖላቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ክስ ግን የእንስሳቱ ነው። የዶሮ ፍልሚያው እውነተኛ ነበር፤ ፈረሶች በቀረጻው ላይ ተጎድተዋል፣ ሞተዋልም። የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ተቃውሞ አነሣ፤ ከዚህ ፊልም በኋላም በቀረጻ ላይ የማኅበሩ ተወካይ እንዲገኝ የሚያስችል ስምምነት ከኢንዱስትሪው ጋር ተደረገ። በፊልም መጨረሻ ላይ «እንስሳት አልተጎዱም» የሚለውን ጽሑፍ ሳነብ ይህ ፊልም ትዝ ይለኛል።

ፊልሙን ከመቃብሩ መጀመሪያ ያነሣው ሃያሲም ፌስቲቫልም አይደለም። በሎስ አንጀለስ ዚ ቻናል የሚባል አነስተኛ የኬብል ቴሌቪዥን ነበር፤ የፕሮግራም ኃላፊው ጄሪ ሃርቪ የተጣሉ ፊልሞችን እያደነ ያሳያል። በ1982 የገና ዋዜማ የ219 ደቂቃውን ቅጂ ለተመዝጋቢዎቹ አቀረበ። ተመልካቾቹ በብዛት የፊልም ሥራ ሰዎች ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ሳምንት ብቻ የታየውን ፊልም አብዛኞቹ ያዩት ያኔ ነው። በማግስቱ «የተባለው ይህ ነው እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። በ1983 ረጅሙ ቅጂ በለንደን ሲታይ የብሪታንያ ሃያስያን ከአሜሪካውያኑ ይልቅ ለዘብ አሉ። በ1986 ሃያሲው ሮቢን ዉድ በመጽሐፉ ፊልሙን ከሆሊዉድ ታላላቅ ሥራዎች ተርታ አሰለፈው።

በመሐል ግን የስቲቨን ባክ መጽሐፍ በ1985 ወጣ፤ «ፋይናል ከት» ይባላል። ባክ በነገሩ ምክንያት ሥራውን ያጣ ሰው ነው። መጽሐፉ ስለ ፊልም ንግድ ከተጻፉት ሁሉ ምርጡ ነው ቢባል አልከራከርም፤ በቢሮው በኩል ያለውን ነገር እንዲህ የገለጠ የለም። ጥፋቱን በራሱና በባልደረቦቹ ላይ ለመጣል አልሳሳም። ነገር ግን መጽሐፉ ጥሩ ስለሆነ ፊልሙን ጎዳው፤ ለብዙ ዓመታት «ሄቨንስ ጌት»ን የሚያውቁት ሰዎች የባክን መጽሐፍ ያነበቡ እንጂ ፊልሙን ያዩ አልነበሩም። ቺሚኖ ደግሞ በ1985፣ በ1987፣ በ1990 እና በ1996 አራት ፊልም ሠርቶ ዝም አለ።

በፈረንሳይ ወዳጅ አላጣም። በ2005 ፊልሙ በፓሪስ እንደገና ታየ። ትልቁ መመለስ ግን የ2012ቱ ነው። ክራይቴሪየን የተባለው አሳታሚ ፊልሙን ሊያድስ ሲነሣ ችግር ገጠመው፤ ኦሪጅናሉ ኔጋቲቭ ለአጭሩ ቅጂ ሲባል ተቆራርጦ ነበር። የረጅሙ ፊልም ሦስት ቀለማት ለየብቻ የተቀመጡባቸው ጥቁርና ነጭ ቅጂዎች ስለ ነበሩ፣ ከእነሱ ፍሬም በፍሬም ተገጣጥሞ ተሠራ። ቺሚኖ አጠገባቸው ሆኖ በ1980 ፊልሙን እንደ ሻይ ያለበሰውን ቡናማ ድባብ አነሣው፤ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩም አረንጓዴ ሆነ። ዕረፍቱ ተወግዶ 216 ደቂቃ የሆነው ይህ ቅጂ በቬኒስ ፌስቲቫል ታየ፤ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ከአራት ዓመት በፊት የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘበት ያው ቬኒስ። ታዳሚው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ የሰባ ሦስት ዓመቱ ዳይሬክተር ተሸለመ።

በ2013 በብሪታንያ እንደገና ሲወጣ የዶሮ ፍልሚያውና የወደቁት ፈረሶች ትዕይንቶች ተቆርጠው ነው፤ በዚያ አገር ከ1937 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ እንስሳት የተሠቃዩበትን ፊልም ማሳየት ይከለክላል። በ2014 ዳይሬክተሩ ስቲቨን ሶደርበርግ ለራሱ መለማመጃ ቆራርጦ 108 ደቂቃ ያደረገውን ቅጂ ለሕዝብ አቀረበ። በ2015 ቢቢሲ ከልዩ ልዩ አገሮች ሃያስያንን ጠይቆ መቶ የአሜሪካ ታላላቅ ፊልሞችን ሲዘረዝር «ሄቨንስ ጌት» 98ኛ ሆኖ ገባ።

ቺሚኖ ሐምሌ 2 ቀን 2016 በ77 ዓመቱ አረፈ። ከቬኒሱ ጭብጨባ በኋላ በየፌስቲቫሉ ተጋብዞ ንግግር አድርጓል፤ ሆኖም ከ1996 ወዲህ ሙሉ ፊልም እንዲሠራ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት የለም።